ከደብተር ወደ ልጓም

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)








ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገብስና ስለ ስንዴ ገበያ በዚህ መድረክ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሞልቷል። እኔ የተጠየቅሁት በማውቀው ነገር ላይ ጥቂት እንድል ነው። የማውቀው ደግሞ ፈረስና በቅሎ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣሁበት ዓመት ጀምሮ እጄ ከለኮ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ትምህርቱ ስላቆመበት ልጅ፣ ስለ አባቱና ስለ አንዲት በቅሎ ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። ጥቂት ቀን ከቤት ሳይወጣ ቆየና አንድ ማለዳ እኔ ዘንድ መጣ። «አያ፣ በቅሎ መያዝ አስተምሩኝ» አለኝ። ገና መልስ ሳልሰጠው አባቱ ከኋላው ደረሰ። «12 ዓመት ያስተማርሁህ የበቅሎ ጭራ እንድትከተል ነው?» አለው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ምክንያቱም ያ ቃል እኔንም ነክቶኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የበቅሎ ጭራ ተከትዬ ቤት ሠርቻለሁ፤ ልጆችም አስተምሬያለሁ።

በዚያ ጧት ለአባትየው ያልመለስሁለትን መልስ ዛሬ በእናንተ ፊት ልመልስለት።

ልጁ ብቻውን አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህ ማለት ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት «አላለፍህም» ተብለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እነዚህን ሁሉ ሰነፍ ብለን ልንጠራቸው አንችልም። የዩኒቨርሲቲው በር የጠበበበት ልጅ ሁሉ የወደቀ ነው ካልን፣ ግማሽ አገር ወድቋል ማለታችን ነው።

ትምህርት ይቅር አላልሁም። መማር የሚችል ይማር፤ ማታም ቢሆን ይማር። የምለው፣ ትምህርቱ የቆመበት ልጅ ቀጥሎ ምን ይሥራ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ንቀት መሆን የለበትም ነው።

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም

የእኛ አገር ሰው ፈረስና በቅሎ ይዞ መኖር የጀመረው ቱሪስት ከመምጣቱ በፊት ነው። መኪና ሳይኖር ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ ወገራን አቋርጦ፣ በሊማሊሞ ገደል ወርዶ ነበር የሚያልፈው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲመጣ ያንኑ ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። ያን ሁሉ ጨው፣ ያን ሁሉ ጨርቅና ቡና ገደል ያወጣና ያወረደ አጋሰስ ነው። አጋሰሱን ደግሞ የሚጭነው፣ የሚያራግፈው፣ ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀው ሰው ነበር።

በቤተ መንግሥትም የፈረሶች አለቃ ባልደራስ ይባል ነበር። ባልደራስ ማዕረግ ነው፤ ስድብ አይደለም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚሁ ስሜን ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ይባላሉ። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ነበሩ። ንጉሥ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ፈረስ የሚይዝ ልጅ እንዴት የተናቀ ይሆናል? በአዊ ወገኖቻችን ዘንድም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጥር 23 ቀን የዐድዋን ድል በፈረስ ሲያከብር ኖሯል።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር ፈረስ ጠባቂነት በደረጃ በደረጃ እየተፈተኑ የሚያልፉበት ሙያ ነው። ጀማሪው የሚጀምረው በመጋለብ አይደለም፤ ጋጥ በመጥረግ፣ ውኃ በመቅዳት፣ ሰኮና በማጽዳት ነው። እኛም ዘንድ ጀማሪው የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ እነሱ የምስክር ወረቀት መስጠታቸው፣ እኛ ደግሞ ስም መስጠታችን ነው፤ የምንሰጠውም ስም ጥሩ አይደለም።

የእኔ የመጀመሪያ መንገድ

እኔ ከትምህርት የወጣሁት ከ8ኛ ክፍል ነው፤ 1989 ዓ.ም. ነበር። አባቴ ስላረፈ ቤቱን የሚረዳ ሰው ጠፋ። አጎቴ አንዲት ዳማ ባዝራና አንዲት በቅሎ ነበረችው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከተቋቋመና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ ዋልያና ጭላዳ ለማየት፣ ራስ ደጀንን ለመውጣት እንግዳ ይመጣል። እንግዳው ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ ሲጓዝ ድንኳኑንና ስንቁን የሚሸከምለት ከብት ያስፈልገዋል። አጎቴ ባዝራዋን ሰጥቶ ላከኝ።

እውነቱን ልናገር። እኔ ያን ጊዜ ሥራው መንዳት ብቻ መስሎኝ ነበር። ጧት ብርድ ስለነበረ ቸኮልሁ። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ምንጣፍ ሌሊት ውርጭ መትቶት እርጥብ ነበር፤ ሳላደርቀው አነጠፍሁት። አንዱ ጫፍ ታጥፎ እንደሆነ አላየሁም። ጭነቱ እንዳይንሸራተት ብዬ ጠፍሩን አጥብቄ ሳብሁት። ማታ ሰፈር ስንደርስ ደግሞ ብርድ ይመታታል ብዬ ጭነቱን ብቻ አውርጄ ምንጣፉን እላይዋ ላይ ተውሁት። ሦስት ቀን እንዲህ ሄድን። ባዝራዋ በሁለተኛው ቀን ስጭናት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ልትነክሰኝ ዞራ ነበር። «ዐመለኛ» ብዬ መታኋት። ለካ እየነገረችኝ ነበር።

ደባርቅ ስንመለስ ምንጣፉን ሳነሣው ቆዳው አብሮ ተነሣ። ጀርባዋ ገጥቧል። አጎቴ አየና አልተቆጣም። የሦስት ቀን ክፍያዬን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «ይኸ ያንተ ነው፤ ይችም ያንተ ናት፤ እስክትድን ድረስ አንተ ታስታምማታለህ» አለኝ። ከሁለት ወር በላይ በጨው ውኃ እያጠብሁ፣ ዝንብ እየከለከልሁ፣ ሣር እያጨድሁ አስታመምኋት። ቁስሉ ዳነ፤ በቦታው ላይ ግን ነጭ ጠጉር በቀለ። ያ ነጭ ጠጉር እስክትሞት ድረስ አልጠፋም። ገዥ ሁሉ ያንን እያየ ዋጋዋን ቀነሰ።

የሦስት ቀን ገንዘብ አግኝቼ የሁለት ወር ገበያ አጠፋሁ። እኔ ሙያውን የጀመርሁት በዚያ ሦስት ቀን አይደለም፤ በዚያ ሁለት ወር ነው።

ሙያው ምን ምን ነው?

እንግዲህ ወጣቶች፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በቅሎ መንዳት ማንም ይችላል። በቅሎ መያዝ ግን ሙያ ነው። እኔ በአምስት ነገር ከፍዬ አስተምረዋለሁ።

አንደኛ፣ ጀርባ። ከመጫናችሁ በፊት መዳፋችሁን ከትከሻው ጉብታ እስከ ወገቡ ድረስ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉት። ትኩሳት ያለበት፣ ያበጠ፣ ስትነኩት የሚሸሸው ቦታ ካለ ያን ቀን አይጫንም። ምንጣፉ ደረቅ፣ ያልታጠፈ፣ ገለባና እሾህ የሌለበት ይሁን። ጭነቱ በሁለቱ ጎን ይረፍ እንጂ አከርካሪው ላይ አይረፍ። ሰፈር ስትደርሱ ጠፍሩን መጀመሪያ አላሉት፤ ትንሽ ተንፍሳ ላቧ በረድ ሲል ሁሉንም አውርዱና ጀርባዋን በደረቅ ጨርቅ እሹት።

ሁለተኛ፣ ሰኮና። ሰኮና እንደ ጥፍራችን ሁልጊዜ ያድጋል፤ በወር እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። የማይሄድ ከብት ሰኮናው ይረዝማል፤ በድንጋይ ላይ ብዙ የሚሄድ ደግሞ ያልቃል። ጧትና ማታ አራቱንም እግር አንሡና በመሐሉ የተሰነቀረውን ጠጠር አውጡ። በጭቃና በእበት ውስጥ የሚያድር ከብት የሰኮናው ውስጥ ይበሰብሳል፤ ይሸታል። አፍንጫችሁ ከዓይናችሁ በፊት ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ አፍና ሆድ። ፈረስ ሆዱ ትንሽ ነው፤ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ የበላውንም መልሶ ማስታወክ አይችልም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ቀኑን ሙሉ ሊበላ የተፈጠረ ነው። ደክሟል ብላችሁ ገብስ በአንድ ጊዜ ብታፈሱለት ቁርጠት ይይዘዋል፤ ወይም እግሩን ያስረዋል። ሁለቱም ይገድላሉ። ዋናው ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ገብስ ማጠናከሪያ ነው። ውኃ ደግሞ አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። ዕድሜውን በጥርሱ ማወቅ ተማሩ፤ 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሱ ተለውጦ ያልቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ገበያ ላይ ያረጀ በቅሎ በጎረምሳ ዋጋ ይገዛል።

አራተኛ፣ በሽታ። የጤነኛ ፈረስ የልብ ምት ሲያርፍ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፤ የሙቀቱ መጠን ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዚህ ሲያልፍ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ሂዱ፤ ወደ ጠንቋይ አትሂዱ። በክረምት መውጫ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚያስተላልፉት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ፈረስን በጥቂት ቀን ውስጥ ይጥላል፤ በቅሎ ከፈረስ ትሻላለች፣ አህያም ከበቅሎ ይሻላል። ክትባቱ በአገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታል። ንድፍት የሚባለውም በሽታ አለ፤ ቆዳው ላይ ተራ በተራ እየተደረደረ የሚያብጥና የሚፈነዳ ነው። በቁስል፣ በዝንብ፣ በተዋሱት ኮርቻና ልጓም ይተላለፋል። ስለዚህ ኮርቻ መዋዋስ ይቅር። ደግነት መስሎን ስንት ከብት ጨርሰናል።

አምስተኛ፣ ጠባይ። በቅሎ አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ ናት። «አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እያልን እንሥቅባታለን። ግን ከአባቷ ጥንቃቄን፣ ከእናቷ ጉልበትን ወስዳለች። ገደል አፋፍ ላይ ቆማ አልሄድም ካለች አትምቷት፤ መንገዱን እዩላት። እኔ በቧሂት በኩል በጭጋግ ስወርድ በቅሎ ቆማብኝ ወደ ፊት ሄጄ ባይ መንገዱ ተንዶ ነበር። ያን ቀን በዱላ አስገድጃት ቢሆን ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም።

እንዴት ይጀመር?

ብዙ ወጣት «በቅሎ መግዣ ብድር ስጡኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን በብድር አትጀምሩ እላለሁ። በቅሎ ውድ ናት፤ ሙያውን ያላወቀ ሰው እጅ ላይ ደግሞ ትሞታለች። በቅሎዋ ሞታ ዕዳው ሲቀር ልጁ አገር ጥሎ ይሰደዳል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች» እንደሚባለው ይሆናል።

የመጀመሪያውን ዓመት ሙያ ከሚያውቅ ባለከብት ጋር ሥሩ። ክፍያችሁን ግን በምስክር ፊት ተነጋገሩ፤ ለከብቱ ስንት፣ ለያዡ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ መንገድ አይወጣም። ሁለተኛውን ዓመት የራሳችሁን ዕቃ አሟሉ፦ ደረቅ ምንጣፍ ሁለት፣ መጫኛ፣ ለኮ፣ ሰኮና ማጽጃ፣ የዝናብ ልብስ። ዕቃው የራሳችሁ ሲሆን ሰው ከብቱን አምኖ ይሰጣችኋል። ከዚህም በተጨማሪ በየሳምንቱ ጥቂትም ቢሆን በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ቆጥቡ። ሦስተኛውን ዓመት፣ የቆጠባችሁት ግማሹን ሲሞላ፣ የቀረውን ተበድራችሁ ግዙ። የምትገዙትም ከብት ዓመት ሙሉ የያዛችሁትን፣ ጀርባውንም ጥርሱንም የምታውቁትን ቢሆን ይመረጣል።

የተማራችሁትም አይጠፋም። መጻፍ የሚችል ልጅ ከብቱ የተከተበበትን ቀን፣ የሄደበትን መንገድ፣ የበላውንና ያስገባውን በደብተር ይይዛል። እኔ ይህን ስጀምር ዘግይቼ ነበር። ደብተሬን ሳይ ትርፍ ይመስለኝ የነበረው ሥራ በድርቆሽ መግዣ ማለቁን ያወቅሁት ያኔ ነው። እንግሊዝኛ ጥቂት የሚያውቅ ልጅም ለእንግዳው «ደክማለች፣ እንረፍ» ብሎ ለከብቱ ይናገርለታል። እኔ ያን ቋንቋ ባለማወቄ ስንት ጊዜ ዝም ብዬ ነድቻለሁ።

ሴቶች ልጆቻችንም አይገለሉ። ከብቱን ውኃ የሚያጠጣው፣ ድርቆሹን የሚያቀርበው፣ ጋጡን የሚጠርገው ቤት ውስጥ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሙያው ግማሹ ዛሬም በእጃቸው ነው። ክፍያው ግን በእጃቸው አይደለም።

እንግዳ ሲቀር

አሁን ደግሞ አባትየው ሊያነሣው የሚችለውን እውነተኛ ጥያቄ ላንሣ። «እንግዳው ሲቀር ልጄ ምን ይበላል?» ቢል ልክ ነው።

አይተነዋልና። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ መንገዱ ባንድ ሳምንት ጭር አለ። ያ ሳያልፍ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት መጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ እዚሁ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ ስንት ወገኖቻችንን አጥተናል። ነፍሳቸውን ይማር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተቀሰቀሰ። በእነዚህ ዓመታት ከብቱን ሸጦ የበላ አለ። ከብቱን የተቀማም አለ። በእንግዳ ብቻ የተመካ ባለበቅሎ ሁሉ ተቸግሯል።

ፓርኩም ራሱ ብዙ አይቷል። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ መዝገብ እንዲወጣ ልቅ ግጦሽ መቀነስ ነበረበት፤ በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ ሠፍረዋል። ይህን የማነሣው ከብት ለምንይዝ ሰዎች ትምህርት ስላለበት ነው። ከብታችንን በፓርኩ ሣር ላይ ለቀን ዋልያው ሲጠፋ እንግዳውም ይጠፋል። ስለዚህ በቅሎ ያዡ ድርቆሹን ይዞ ይሂድ፤ የሚያበላውን ሳያዘጋጅ የሚጭን አይኑር።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ እንግዳ ሲቀር በቅሎዋ ሥራ አልፈታችም። ወፍጮ ቤት የወሰደን ማን ነው? ነፍሰ ጡር ከገደል ሥር አውጥቶ ጤና ጣቢያ ያደረሰ ማን ነው? መኪና ከማይገባባቸው የጃናሞራና የበየዳ መንደሮች እህል ወደ ገበያ ያወጣ ማን ነው? ማዳበሪያ ከዩኒየናችን መጋዘን ተነሥቶ አርሶ አደሩ ደጃፍ የሚደርሰው፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ፣ በማን ጀርባ ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበራችን የመጨረሻው መንገድ በበቅሎ ጀርባ ላይ ያልፋል። ስለዚህ በቅሎ ያዡ የቱሪስት አገልጋይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ሠራተኛ ነው።

ዩኒየናችንን የምጠይቀው

ስለዚህ በዚህ የበዓል ቀን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡ አይደሉም።

የመጀመሪያው ሚዛን ነው። የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። አንዱን ከረጢት ብቻ ብትጭኑ ባንድ ጎን ይወድቃል ወይም አከርካሪ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን ብትጭኑ 100 ኪሎ ይሆናል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ከብት ከራሱ ክብደት ሩብ ገደማ እንዲሸከም ነው። 250 ኪሎ ለምትመዝን በቅሎ ይህ 60 ኪሎ አካባቢ ነው። ዳገት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። እኛ ግን 100 ኪሎ እየጫንን «ምን ሆና ገጠበች?» እንላለን። በየመጋዘኑ በር አንድ ሚዛንና ባዶ ከረጢት ይቀመጥልን። አንዱ ከረጢት ለሁለት ተከፍሎ 25፣ 25 ኪሎ በሁለት ጎን ይጫን። በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ግን አሥር ዓመት ትመላለሳለች።

ሁለተኛው ድርቆሽ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሣር ሲተርፍ ማኅበራቱ አጭደው፣ አድርቀው ያከማቹ፤ በበጋ ለአባላት በተመጣጣኝ ዋጋ ይሽጡ። ይህ ለፈረስ ብቻ ሳይሆን ለበሬም ለበግም ይሆናል።

ሦስተኛው ልጆቹ ናቸው። መሬት የሌለው ወጣት አባል ለመሆን ሲመጣ «ምን ምርት አለህ?» ብለን አንመልሰው። ጉልበቱንና ሙያውን ይዞ መጥቷል። በቅሎ ያዦች በመሠረታዊ ማኅበር ተደራጅተው ወደ ዩኒየናችን ይግቡ። ያኔ ተራ በጉልበት ሳይሆን በመዝገብ ይሆናል፤ ክትባት በጋራ ይጠራል፤ በቅሎው የሞተበትም ብቻውን አይቆምም።

መዝጊያ

ወደ ልጁ ልመለስ። አባትየው ያን ጧት ልጁን ይዞት ሄደ። ከሳምንት በኋላ ግን አንዲት አሮጌ በቅሎውን እየሳበ ራሱ መጣ። «ጀርባዋን እይልኝ፤ እህል ልጭንባት ነበር፤ እምቢ ብላ ነከሰችኝ» አለኝ። ልጁ ከኋላው ቆሞ ነበር። «እስኪ አንተ እያት» አልሁት ልጁን። ገና ምንም አላስተማርሁትም። ግን ቀስ ብሎ ቀረባት፣ አንገቷን አሻሸ፣ መዳፉን ከትከሻዋ ጀምሮ አሳለፈ። መሐል ላይ ስትደርስ ሸሸች። እጁን እዚያው አቆመና «እዚህ ላይ ይሞቃል፣ አባባ» አለ።

አባትየው እጁን ከልጁ እጅ አጠገብ አስቀመጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ «እንግዲያው ዛሬ አትጫንም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጁ በነጋታው ሥራ ጀመረ። ዛሬም ከእኔ ጋር ነው፤ የራሱን ምንጣፍና መጫኛ ገዝቷል፤ በቅሎ ገና አልገዛም፤ እየቆጠበ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ደብተሩን አስቀምጦ ለኮ ቢያነሣ «ወደቀ» አትበሉት። ጀርባ ማየት ተምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ወጣቶችም፣ ሰው ምን አለኝ አትበሉ፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ሙያም እንዲሁ ነው፤ ያደርሳችኋል፤ የቀረውን ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትሠሩት።

አምላክ ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን። ለዩኒየናችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።